ፊቱን ወደ ቀኝ ያዞረው ዓሣ

ምጽዋ፣ ጥቅምት 8 ቀን 1954 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባቴና ለመምህሬ ለአለቃ ገብረ መድኅን፤ መቱ።

ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? እኔ ከሙቀቱ በስተቀር ደህና ነኝ። ሦስት ደብዳቤ ጽፈውልኝ አንዱንም ሳልመልስ ክረምቱ አለፈ። ሥራ በዝቶብኝ ነው እንዳልልዎት፣ ሰበብ ሲሰሙ ጢምዎን ይዘው እንደሚስቁ አውቃለሁ። ምን ብዬ እንደምጽፍ ስላጣሁ ነው፤ ይቅር ይበሉኝ።

ጥያቄዎችዎን በተራ ልመልስ። ዓሣ መሣል እውነት የመንግሥት ሥራ ነው ወይ ላሉኝ፣ ነው። ጣቢያችን በቀይ ባሕር ያለውን ዓሣ ሁሉ በየወገኑ እየለየ ይመዘግባል። አጥማጆቹ ያመጣሉ፤ ከዳሪሙ አብሮኝ የመጣው ኢቲቻ የተያዘበትን ቦታና ምልክቱን የያዘ ወረቀት ያስርበት ነበር፤ እኔ እሥላለሁ፤ ኃላፊያችን የሆነው ፈረንጅ ዶክተር በመጨረሻ ይመረምራል። በእርስዎ እጅ መላእክት መሣል የተማርኩ ሰው ዛሬ ጅራትና ክንፍ እቆጥራለሁ።

የዘንድሮው ሥራችን እንደ ሰፌድ ጠፍጣፋ በሆነ ዓሣ ላይ ነው። የአገሩ አጥማጆች የሙሴ ዓሣ ይሉታል። ሙሴ ባሕሩን ሲከፍል መካከል ላይ ተገኝቶ አብሮ ለሁለት ተከፈለ ይላሉ። በኦሪት እንዳልተጻፈ አውቃለሁ፤ አይቆጡኝ። የሚደንቀው ግን ተረቱ አይደለም። ይህ ዓሣ ሲፈለፈል እንደ ማንኛውም ዓሣ ቀጥ ብሎ ይዋኛል፤ አንድ ዓይን በቀኝ፣ አንድ ዓይን በግራ። ጥቂት ሳምንት ሲሆነው አንደኛው ዓይን ከቦታው ተነሥቶ በግንባሩ ላይ ተሻግሮ ከወንድሙ አጠገብ ያርፋል። ከዚያ በኋላ ዓሣው ዓይን በሌለው ጎኑ አሸዋ ላይ ይተኛል፤ ተነሥቶም ቀጥ አይልም። ላይኛው ጎኑ የአሸዋውን መልክ ይይዛል፤ ታችኛው ነጭ ሆኖ ይቀራል።

ዶክተሩ ወገናቸውን የሚለየው በመጀመሪያ በዚህ ነው። ሁለቱም ዓይን በግራ ጎን ያረፈላቸው አንድ ወገን ናቸው፤ በቀኝ ያረፈላቸው ሌላ። አፉ ሰፊ የሆነ አንድ ሦስተኛ ወገን ደግሞ አለ፤ እሱ ገና ያልቆረጠለት ነው፤ ግማሹ በግራ፣ ግማሹ በቀኝ። ዶክተሩ ከሁሉም ጥንታዊው እሱ ነው ይላል።

ይበላል ወይስ ርኩስ ነው ላሉኝ፣ ክንፍም ቅርፊትም አለው። ቅርፊቱ ደቃቅ ስለሆነ ከጅራቱ ወደ ራሱ ሲዳብሱት ነው የሚታወቀው። ስለዚህ በሕጉ ንጹሕ ነው። እርስዎን የሚያስቅዎት ሌላ ነገር አለ። ጻድቅን በሁለት ዓይን፣ ኃጥእን በአንድ ዓይን ሣል ብለው አስተምረውኛል። ሌላው ዓሣ ሁሉ ከጎኑ ሲሣል ባለ አንድ ዓይን ነውና የይሁዳ ዘመድ ይመስላል። ይኸኛው ብቻ ተኝቶ በሁለት ዓይኑ ያይዎታል።

ስለ ኢቲቻ የጠየቁኝን ልረሳው ነበር። ከሥራ ወጥቷል። በወረቀቶቹ ላይ ግራና ቀኝ አምታትቷል ተባለ። አሁን የት እንዳለ በእርግጥ አላውቅም። ለእናቱ ለወይዘሮ ሻሽቱ እርስዎ እንደ ፈረዱ ይንገሩልኝ።

ልጅዎ ደርበው


መቱ፣ ኅዳር 19 ቀን 1954 ዓ.ም.

ለልጄ ለደርበው።

እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ መሰላል አልወጣም ብሎኛል። ደብዳቤህ ጎሬ ፖስታ ቤት ተኝቶ ከርሞ ሾፌሩ አመጣልኝ። እንዳልከውም ጢሜን ይዤ ስቄአለሁ፤ እስከ መጨረሻው ገጽ ድረስ።

ስለ ዓሣህ ሦስት ገጽ ጻፍክ። ስለ ኢቲቻ አምስት መስመር። ያንን ልጅ እስከ መንደሩ እስከ ዳሪሙ ድረስ ሄደህ፣ እናቱ ደጅ ተቀምጠህ፣ "እንደ ወንድሜ እጠብቀዋለሁ" ብለህ ለምነህ የወሰድከው አንተ ነህ። እኔም አብሬህ ነበርኩ። "የት እንዳለ አላውቅም" የሚል ቃል ካንተ ይመጣል ብዬ አልጠበቅሁም።

እንደ ፈረድኩ እንድነግራት አዘዝከኝ፤ ነገርኳት። ጥፋቴ ቅዳሜ ከገበያ ስትመለስ ደጄ ላይ አስቁሜ፣ ጎረቤት ሁሉ እየሰማ መናገሬ ነው። እኔ "ግራና ቀኝ አምታታ" አልኩ። ወሬው ገበያ ደርሶ ሲመለስ "የመንግሥት ዓሣ ሰረቀ" ሆኗል። ዓሣ ሰርቆ ምን ያደርገዋል ብሎ የሚጠይቅ ሰው ጠፋ።

እሷ አላለቀሰችም። "ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ በሬ ጠምዶ ያደገ ነው፤ የግራውን በሬ ከቀኙ ሳይለይ አንድ ቀን አላረሰም። ልጄ ግራውን ያጣዋል?" አለችኝ። አንተ መልስ ካለህ ጻፍልኝ። ወረቀቱን ካላመኑት ዓሣውን ራሱን አውጥተው ለምን አላዩትም?

ሥዕልህንም ላክልኝ። ባለ ሁለት ዓይኑን ጻድቅ ልየው።

ገብረ መድኅን


ምጽዋ፣ ታኅሣሥ 22 ቀን 1954 ዓ.ም.

ለአባቴ ለአለቃ ገብረ መድኅን።

ለመጪው ልደት እንኳን አደረስዎት። ቁጣዎ ደርሶኛል፤ የሚገባኝ ነው።

ዓሣው ለምን አልታየም ላሉኝ፣ ዓሣዎቹ መድኃኒት ውስጥ ተነክረው በመስታወት ዕቃ ነበር የሚቀመጡት። ዶክተሩ ገና ሳይመረምራቸው በነሐሴ ሙቀት ክዳናቸው ላልቶ መድኃኒቱ ተነነ፤ ዓሣው ሁሉ ሸተተና ወደ ባሕር ተጣለ። የቀረው የኢቲቻ ወረቀትና የእኔ ሥዕል ነው። ወረቀቱ "ሁለቱም ዓይን በግራ" ይላል። ሥዕሉ በቀኝ ያሳያል። ዶክተሩ ሥዕል የሚሠራው ዓሣውን ፊት ለፊት አስቀምጦ ነውና አይሳሳትም ብሎ ሥዕሉን አመነ። በሥዕሉ የክንፍ ቁጥሩ የግራዎቹን የሚመስል፣ ዓይኑ ግን በቀኝ የሆነ ዓሣ በዚህ ባሕር ታይቶ አይታወቅም። አዲስ ነገር አገኘሁ ብሎ ደስታውን አልቻለውም፤ ስም ሊያወጣለት ነው። አዲስ ለማስያዝም አልተቻለም፤ ያ ዓይነት ዓሣ እስከ ሚያዝያ ወደ ዳር አይወጣም ይላሉ አጥማጆቹ።

ሌላም ወሬ አለኝ። ዶክተሩ ሥዕሎቹን በግንቦት ወደ አገሩ ወስዶ በመጽሐፍ ያሳትማል። እኔንም ይዞኝ ሊሄድ፣ ሁለት ዓመት ሊያስተምረኝ ቃል ገብቶልኛል። ምርቃትዎን እለምናለሁ።

ኢቲቻ እዚሁ ከተማ ውስጥ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ። አላገኘሁትም። አልፈለግሁትም ብል ለእውነት ይቀርባል።

ሦስት ሥዕሎች በካርቶን መካከል አድርጌ ልኬአለሁ።

ልጅዎ ደርበው


መቱ፣ የካቲት 11 ቀን 1954 ዓ.ም.

ለልጄ ለደርበው።

ሥዕሎቹ ሳይታጠፉ ደረሱ። እውነቴን ነው፣ ሦስቱን አልጋዬ ላይ ደርድሬ እስኪመሽ አየኋቸው። ነጠብጣቡ፣ የክንፉ ጨረር፣ አሸዋ ላይ የመተኛቱ ነገር! ከሁሉ በላይ ደስ ያለኝን ልንገርህ። ሦስቱም ፊታቸውን ወደ ቀኝ አቅንተዋል። በጎ ፍጡር ፊቱ ወደ ቀኝ ይሁን፣ ወደ ግራ የሚያይ የኩነኔ ወገን ነው ብዬ ስንት ጊዜ በአርጩሜ ጣትህን መትቼሃለሁ! ያን ያህል ርቀህ ሄደህ፣ ፈረንጅ መካከል ተቀምጠህ ሕጌን አልረሳህም። ለካህናቱ አሳየኋቸው። "ልጄ እኔ ያስተማርኩትን በባሕር ዓሣ ላይ እንኳ ጠበቀ" ብዬ ተመጻደቅሁ፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ወይዘሮ ሻሽቱም አየቻቸው። ቅዳሜ መጥታ "ልጄ ያበላሸው ዓሣ የትኛው ነው?" አለችኝ። አላውቅም አልኳት። አንዱን አንሥታ ብዙ ጊዜ ይዛ ቆየች፤ ከዚያ እንዳይቆሽሽ በነጠላዋ ጠርጋ መለሰችልኝ። ልጇ ዲንቄ በሚያዝያ ልትዳር ነበር። የእጮኛዋ ወገኖች የሌባ እህት አንወስድም ብለው ሽማግሌ ልከው አፍርሰውታል። እናቲቱም ገበያ መምጣት አቁማ ነበር፤ ያን ቀን የመጣችው ሥዕሉን ልታይ ብቻ ነው።

ጉዞህን እግዚአብሔር ያቅናልህ። እኔ መርቄሃለሁ።

ገብረ መድኅን


ምጽዋ፣ መጋቢት 17 ቀን 1954 ዓ.ም.

አባቴ ሆይ፤

ምርቃትዎን ይመልሱት። ይህን ደብዳቤ አራት ጊዜ ጽፌ ቀድጄዋለሁ። ደግመው ካመሰገኑኝ ግን መኖር የምችል አይመስለኝምና ልናገር።

ኢቲቻ አልተሳሳተም። ዓሣዎቹ ሁሉ ዓይናቸው በግራ ነበር፤ ወረቀቱም ያለው ይህንኑ ነው። የተሳሳትኩ እኔ ነኝ። የግራ ወገን የሆነ ዓሣ ሆዱ ወደ ታች ሆኖ ሲሣል አፉ ወደ ግራ ነው የሚያመራው። መጀመሪያ እንዳየሁት ሣልኩት። ሥራው ሲያልቅ ግን ዓይኔ አልወደደውም። ሁለት ዓይን ያለውን ፍጡር ወደ ግራ አዙሬው ሳየው በአርጩሜ የሚመቱኝ መሰለኝ። ወረቀቱን በመስኮቱ መስታወት ላይ ገልብጬ ለጠፍኩና በብርሃኑ ቀዳሁት። ፊቱ ወደ ቀኝ ዞረ፤ አማረ። አሥራ አንድ ሥዕል እንዲሁ አደረግሁ። ሲገለበጥ ወገኑ እንደሚለወጥ ያን ጊዜ አላወቅሁም ነበር። ይህን በመሐላ እላለሁ።

ጥፋቴ ግን እሱ አይደለም። ዶክተሩ ወረቀቱንና ሥዕሉን ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጦ ሁለታችንንም ጠራን። ኢቲቻን "ግራ ነው ወይስ ቀኝ?" አለው። "ግራ ነው ጌታዬ" አለ። ወደ እኔ ዞሮ "አንተስ ያየኸውን ነው የሣልከው?" አለኝ። ያን ጊዜ ገባኝ። መስኮቱ ከፊቴ ነበር። "እህ" እንኳ አልወጣኝም፤ ዝም አልኩ። ዶክተሩ ዝምታዬን አዎን ነው ብሎ ወሰደው። ኢቲቻ አንድ ጊዜ አየኝና ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ። ከዚያ በኋላ ስለራሱ አንድ ቃል አልተናገረም። በማግስቱ አሰናበቱት።

ነገ እናገራለሁ፣ ከነገ ወዲያ እናገራለሁ ስል ወር ሄደ። ከዚያ ትምህርቱ መጣ። ትምህርቱን ፈለግሁት። ሌላ ሰበብ የለኝም፤ አባቴ፣ ፈለግሁት።

አፍራለሁ። ለወይዘሮ ሻሽቱ እርስዎ ይንገሩልኝ። እኔ አልችልም።

ደርበው


መቱ፣ ሚያዝያ 10 ቀን 1954 ዓ.ም.

ደርበው፤

አልነግራትም። በግማሽ እውነትህ አንድ ጊዜ ደጄ ላይ አዋርጄአታለሁ፤ ሁለተኛ የአንተ መልእክተኛ አልሆንም። መጀመሪያ ለዶክተርህ ተናገር። በጽሑፍ አድርገው፤ ማኅተም ያርፍበት። ሥዕሉ ከመታተሙ በፊት ይሁን። ከዚያ እኔ አነባለሁ።

ስለ እኔ ድርሻ ደግሞ ልንገርህ፤ ይህን ለንስሐ አባቴም ተናግሬ አላውቅም። ያ የቀኝና የግራ ሕግ በየትኛውም መጽሐፍ የለም። መምህሬ የሚሠሩበት ቤት መስኮቱ በአንድ ወገን ብቻ ስለነበረ ፊት ሁሉ ወደዚያ ይዞር ነበር፤ ለጥላው እንዲመች። እኔ ከእሳቸው የወሰድኩት ልማዱን ነው። የኩነኔውን ነገር ራሴ ጨመርኩበት። ሲነገር ያምር ነበርና ሃያ ዓመት አስተማርኩት። የሕፃን ጣት መታሁበት። አሁን በሰማንያ ዓመቴ ደፍ ላይ ቆሜ ከአንድ ዓሣ ፊት አፍራለሁ።

ይህን የነገርኩህ ሸክምህን ላቃልልህ አይደለም። የገለበጥከው በእኔ ትምህርት ነው። ዝም ያልከው ግን በራስህ ነው።

ገብረ መድኅን


ምጽዋ፣ ግንቦት 26 ቀን 1954 ዓ.ም.

ለአባቴ ለአለቃ ገብረ መድኅን።

እንዳዘዙኝ አድርጌአለሁ። በሚያዝያ መጨረሻ ዓሣው ወደ ዳር ሲወጣ አጥማጆቹን ለምኜ አራት አስያዝኩ። ገና እየተንፈራገጡ ዶክተሩ ጠረጴዛ ላይ አኖርኳቸው። አራቱም በግራ ናቸው። አጠገባቸው የኢቲቻን ወረቀት አኖርኩ። ከዚያ አንዱን ሥዕሌን መስኮቱ ላይ ገልብጬ ያዝኩለት፤ ዓሣውና ሥዕሉ አንድ ሆኑ። ይቅርታ ጠየቅሁት። ስም ያወጣለት አዲስ ዓሣ በአንድ ደቂቃ ጠፋበት። አሥራ አንዱን ሥዕል ሰርዞ፣ "አንድ ሰው አባረርኩ" አለ፤ ሌላ ምንም አላለኝም።

ጉዞዬ ቀርቷል። እስከ ነሐሴ ሠርቼ እሰናበታለሁ። ኢቲቻ ጥፋት እንዳልነበረበት፣ ወደ ሥራው መመለስ እንደሚችል የሚገልጽ ወረቀት ማኅተም አርፎበት ተጽፏል። ግልባጩ ከዚህ ጋር ነው።

ኢቲቻን ከከተማው ወጣ ብሎ ጨው ከሚመረትበት ቦታ ጆንያ ሲሸከም አገኘሁት። ከስቷል፤ እግሩ በጨው ተልጧል። ነገሩ ሁሉ እንደ ተስተካከለ ነገርኩት። ወረቀቱን ሰጠሁት፤ ቆሞ አነበበው። ወደ ጣቢያው አልመለስም፣ አገሬ እገባለሁ አለ። እስከ አዲስ አበባ፣ ከዚያ በጅማ እስከ መቱ መኪና ያዝኩለት። ሻንጣውን እኔ ተሸከምኩለት። መኪናው እስኪነሣ ስለ መንገዱ፣ ስለ በደሌ ጭቃ፣ ስለ ሾፌሮቹ አወራሁት። ፊቱን ማየት አልቻልኩም።

ለወይዘሮ ሻሽቱ የጻፍኩትን አብሬ ልኬአለሁ። እግራቸው ሥር ወድቄ ይቅርታ እንደምለምን በኦሮምኛ ያንብቡላቸው። እርስዎም ይቅር ይበሉኝ።

ደርበው


መቱ፣ ሰኔ 29 ቀን 1954 ዓ.ም.

ለልጄ ለደርበው።

ኢቲቻ ደርሷል። ደብዳቤህን ቤት ውስጥ ላነብላት ብጠራት ወይዘሮ ሻሽቱ እንቢ አለች። "ስሙን የወሰዱት ገበያ ነው፤ እዚያው ይመልሱልኝ" አለች። ቅዳሜ ቡና ሻጮቹ አጠገብ በርጩማ አስቀምጠውልኝ በአማርኛም በኦሮምኛም አነበብኩት፤ የማኅተሙን ወረቀትም። የአርጩሜውንና የመስኮቱን ነገር ራሴ ጨምሬ ተናገርኩ። የሳቀ ሰው አልነበረም። ሻሽቱ ስጨርስ አንዴ እንድደግመው አዘዘችኝ፤ ደገምኩት። "ደርበውን ይቅር ብዬዋለሁ በሉት" ብላ ቅርጫቷን አንሥታ ሄደች።

የዲንቄ እጮኛ ወገኖች ሰኞ ዕለት ሽማግሌ መልሰው ላኩ። ዲንቄ ራሷ ደጅ ወጥታ፣ ለማመን ያን ያህል ለቸኮለ ሰው አላገባም ብላ መልሳቸዋለች። እናቷም አልገፋፋቻትም።

ይህ ሁሉ ደህና ነው። አሁን የምጽፍልህ ግን ከባድ ነው።

ትናንት ኢቲቻ ቤቴ መጣ። ላንተ ልጽፍ ነው፣ የምትለው ነገር አለ ወይ አልኩት። ብዙ አሰበና፣ "አባ፣ ዶክተሩን ይቅርታ ጠየቀ። እርስዎን ጠየቀ። እናቴን ጠየቀ። እኔን መኪና ላይ አሳፈረኝ" አለኝ።

አላመንኩትም። የግንቦቱን ደብዳቤህን አውጥቼ ፊቱ ፈለግሁ። መነጽሬን ጠርጌ እንደገና ፈለግሁ። ወረቀት ሰጥተኸዋል፤ ሻንጣ ተሸክመህለታል፤ ስለ ጭቃ አውርተህለታል። ያቺ አንዲት ቃል ግን የለችም። እኔም ገበያ መካከል ሁለት ጊዜ ጮክ ብዬ ሳነበው አልታየችኝም። ሁለታችንም አፈርን፤ እሱ ስለ እኔ፣ እኔ ስላንተ።

በደብዳቤ ይጻፍልህ ወይ ብለው፣ "ያን ቀን ጠረጴዛው አጠገብ ዝም ያለው በወረቀት አይደለም" አለኝ።

ስለዚህ ልጄ፣ ይህን ደብዳቤ አትመልስልኝ። ክረምቱ መንገዱን ቢያበላሸውም ተነሥተህ ና። እኔ ዘንድም አትረፍ፤ በቀጥታ ዳሪሙ ግባ።

ገብረ መድኅን